ድምፁን ይጻፉልኝ

መስከረም 18

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤናዎን እንዴት ነዎት? የአክስቴስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ አክስቴ አንስታ፣ መጀመሪያ «ጓሮ ነው»፣ ቀጥሎ «አሁን ወጣ»፣ በመጨረሻ «እጁ ኮላ በኮላ ነው፣ ጻፊልኝ ብሏል» አለችኝ። አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሞላው፤ በነዚህ አራት ዓመታት ድምፅዎን አንድ ቀን አልሰማሁም። ጥፋቴን አውቃለሁ። እሱን አሁን አላነሳም። ጻፊልኝ ካሉ እጽፋለሁ።

አንድ ዕቃ ልኬልዎታለሁ። ከምሠራበት የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሁለት ትንንሽ የመላጊያ ማሽኖች ነበሩ። አንዱን በአዲስ ሊለውጡት ነው ሲባል አለቃዬን ለምኜ ወሰድኩት። ሌላኛው፣ መንትያው ማለት ነው፣ እኔ በየቀኑ የምሠራበት ነው። ጣውላውን በአንድ በኩል ያጎርሱታል፤ ሁለት የጎማ ሮለሮች ይስቡታል፤ ከላይ የሚሽከረከረው ምላጭ ይልገዋል፤ በሌላው በኩል ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ይዞ ይወጣል። ውፍረቱን የሚያስተካክሉት ከላይ ባለው መዘውር ነው። ትከሻዎ በእጅ መላጊያ መሥራት እንዳቃተው አክስቴ ስለነገረችኝ ነው።

ጠንካራ ነገር ላይ በብሎን አስረው ያቁሙት። ወፍራሙን ማስረዘሚያ ገመድ አብሬ ልኬዋለሁ፤ በቀጭን ገመድ አያብሩት። ጓንት አያድርጉ። ከጣውላው ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ይቁሙ። ሣጥኑ ውስጥ የጆሮ መከለያ አለ፤ እባክዎ፣ ያለ እሱ እንዳይነኩት።

አክባሪ ልጅዎ
ስንጥር


ጥቅምት 22

ለወንድሜ ልጅ ለስንጥሬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ይህን ስም ያወጣሁልሽ በቅጥነትሽ ነበር፤ አሁን በፎቶ እንዳየሁሽ ጣውላ ሆነሻል፤ ፈጣሪ ይጠብቅሽ። አክስትሽ ጉልበቷ ያው ነው፤ ምላሷ ግን ተሽሎታል።

ማሽንሽ በሰላም ደረሰ። ከመኪና ያወረዱት ሁለት ሰዎች «ሽማግሌው ደግሞ መርከብ ሊሠሩ ነው?» ብለው ተሳሳቁ። ጓሮ፣ ከመጋዘኑ መስኮት ሥር፣ ባንኮው ላይ አራት ቦታ በብሎን አሰርኩት። ውሃ ልክ አስቀምጬ አየሁ፤ በስተቀኝ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበርና ቆርቆሮ ቁራጭ ወሸቅሁበት። የጆሮ መከለያሽ ጠበበኝ፤ አክስትሽ እኔ ሳንኮራፋ ታጠልቀዋለች።

ስድስቱን ጣውላ ታስታውሻለሽ? አባትሽና እኔ ሰንጥቀን ጣሪያ ሥር ያጋደምናቸውን። አባትሽ «የቤቱ በር ይሆናሉ» እንዳለ ሄደ። አሁን ያለው በር ከታች በስብሷል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያብጥና በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። አንቺ ስትመጪ በዚያ በር እንድትገቢ አልፈልግም።

ግን ማሽንሽ አመል አለው። በቁራጭ ጣውላ ሞከርኩት። ተጣሞ ገባ፣ ተጣሞ ወጣ፤ ቀጠነ እንጂ አልተቃናም። ሁለተኛው ጥፋቱ ደግሞ፣ ጣውላው ሲገባና ሲወጣ ጫፍ ጫፉን ይነክሰዋል። ከጫፉ አምስት ሳንቲም ርዝመት ያህል ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። የአባትሽ ጣውላዎች ሁለት ሜትር ከአሥራ ሁለት ናቸው፤ በሩ ሁለት ሜትር ከአምስት ነው። ሰባት ሳንቲም ነው ያለኝ ትርፍ። ከሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ከበላብኝ በሩ አጭር ሱሪ ይሆናል። ስለዚህ የአባትሽን ጣውላ ገና አላስነካሁትም። መፍትሔ ካለሽ ቶሎ በይ።

ደግሞ አትደውይ፤ ጻፊ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበዋለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ።

ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ሳልነግርዎ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይህ ማሽን ጠማማ አያቃናም። ሮለሮቹ ጣውላውን በኃይል ተጭነው ለጥ ያደርጉታል፤ ምላጩ ይልገዋል፤ ሲለቁት ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ቃሬዛ ይሥሩለት። አንድ ቀጥ ያለ ሰፊ ሰሌዳ ይፈልጉ፤ ጣውላውን በላዩ ያስተኙት፤ ከሥሩ ክፍተት ባለበት ሁሉ ስስ ሽብልቅ አስገብተው በጥቂት ኮላ ያሲዙት፤ እንዳይነቃነቅ። ከነቃሬዛው ያጎርሱት። ላይኛው ገጽ ሲቃና ይገልብጡትና ያለ ቃሬዛ ያሳልፉት። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ በላይ አያስልጉት።

ለጫፉ ደግሞ፣ ጣውላዎቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ አስከትለው፣ ጫፍ ለጫፍ ሳይለያዩ ያስገቧቸው። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ ያድርጉ። ንክሻው ቁራጮቹ ላይ ያርፋል፤ የአባቴ ጣውላዎች ይተርፋሉ። ሲወጣም ጫፉን ትንሽ ቀና አድርገው ይቀበሉት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ድምፁ እንዴት ነው? ምላጩ ሲዶለዱም፣ ወይም ጣውላው ሲበዛበት፣ መጀመሪያ የሚናገረው ድምፁ ነው። ልጅ ሳለሁ መጋዝ እየሳቡ «ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚ፤ እንጨቱ ራሱ ይነግርሻል» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም የማሽኑን መለኪያ ሲያይ እኔ የምሰማው ለዚህ ነው። እስቲ ድምፁን ይጻፉልኝ። ካልሆነም አክስቴ ስልኩን ማሽኑ አጠገብ ትያዝልኝና እኔው ልስማው።

ስንጥር


ታኅሣሥ 4

ለስንጥሬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጣውላ በቃሬዛ! አክስትሽ «እንግዲህ ሐኪምም ጥሩለት» አለች። ግን ሠራ። ጠማማው ቁራጭ እንደ መስታወት ጠረጴዛ ተስተካክሎ ወጣ። አስከትሎ ማስገባቱንም ሞከርኩት፤ ንክሻው ጠፋ። አባትሽ ቢኖር ቆሞ ያጨበጭብልሽ ነበር።

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ከቁራጮቹ አንዱ ውስጥ ሚስማር ነበረ። ምላጩን ጫፉ ላይ ሸርፎታል። የሸረፈበት ቦታ ጣውላው ላይ ቀጭን መስመር ይተዋል። ያየሁትም ሦስት የሙከራ ጣውላ ካሳለፍኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ምላጭ ላኪልኝ፤ ሌላ የምፈልገው የለም።

አክስትሽ ትስምሻለች።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27

ለአጎቴ፣

በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ምላጮቹን በሚመጣ ሰው ልኬአለሁ። ሲቀይሩ ሶኬቱን ይንቀሉና የገመዱን ጫፍ ኪስዎ ይክተቱት፤ ኪስዎ ውስጥ ካለ ማንም በስህተት አያበራብዎትም። ምላጩን በእጅዎ ሳይሆን በእንጨት ቁራጭ ገፋ እያደረጉ ያዙሩት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ምላጭ ሚስማር ሲነካ የሚያወጣውን ድምፅ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። እንዴት ሦስት ጣውላ አሳለፉ? ታምመው ነበር? ሐሳብ ላይ ነበሩ?

ድምፁንም አልጻፉልኝም። ስለ ሌላው ሁሉ መልስ ሰጡኝ፤ ይህችን ዘለሏት። እባክዎ ይጻፉልኝ።

ስንጥር


መጋቢት 30

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን አለሽ? ሦስት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ እንዳታዝኚብኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ምላጮቹ ደርሰዋል፤ ቀይሬአቸዋለሁ። ከአባትሽ ጣውላዎች ሁለቱ አልቀዋል፤ አራት ይቀሩኛል።

ድምፁን ጻፍልኝ ብለሽ ነበር። መልካም ነው። ረጋ ብሎ ያጉረመርማል፤ ጣውላው ሲገባ ጎርነን ይላል፤ ሲወጣ ይመለሳል። ጆሮ አይረብሽም። ስለዚህ አታስቢ።

አክስትሽ እጇን ድስት አቃጥሏታል። ለቁስል የሚሆን ጥሩ ቅባት ካገኘሽ ላኪላት። ፊደሌ የተንጋደደው ጠረጴዛው ተዳፋት ስለሆነ ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 19

ጋሼ፣

ሰላምታውን ዛሬ ይለፈኝ። ተቆጥቻለሁ።

ይህ ማሽን አያጉረመርምም። ይጮኻል። የእኔው መንትያ ሲነሳ በሁለተኛው ግቢ ያሉ ሰዎች ወሬ ያቋርጣሉ። ረጋ ብሎ የሚያጉረመርመው ድሮ እርስዎ ይሠሩበት የነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ትልቁ ማሽን ነው፤ ምሳ ሳመጣልዎ እሰማው ስለነበር አስታውሰዋለሁ። የጻፉልኝ ከትዝታዎ ነው።

ደብዳቤውን አስቀምጬ የቀደሙትን ሁሉ ከመጀመሪያው አነበብኳቸው። የጠበበው የጆሮ መከለያ። ያልተሰማው ሚስማር። «አትደውይ፤ ጻፊ።» ደግሞስ ጠረጴዛዬ ተዳፋት ነው ይላሉ? ቤት ለቤት ውሃ ልክ ይዞ የሚዞር ሰው!

ለአክስቴ ደወልኩና እጇ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። «የምን እጅ?» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። የግራ እጅዎ የመሐል ጣት ከነጥፍሩ መሄዱን፣ ወረቀቱ እየተንሸራተተ የተንጋደደ ፊደል የጻፉት በአንድ እጅዎ መሆኑን፣ አራት ዓመት ሙሉ እንደማይሰሙ ነገረችኝ።

ማስረዘሚያ ገመዱን ንቀዪና ደብቂው ብያታለሁ። ማሽኑን የላክሁት እኔ ነኝ። ማየት ለማይችል ሰው መኪና እንደመስጠት ነው ያደረግሁት። ጣትዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እስከዛሬ ይህን ሳላውቅ እንቅልፍ ተኝቼ ነው የከረምኩት። ቅባቱን ልኬአለሁ። ሌላ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ስንጥር


ግንቦት 8

ለስንጥሬ፣

ገመዴን መልሱ።

አክስትሽን አትቆጫት። አስምዬአት ነው የደበቀችሽ። ስትደውዪ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ከንፈሯን እያየሁ ነበር፤ ያኔ ጓሮ አልነበርኩም።

በመሰንጠቂያ ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያኔ ጆሮ ሸፍን የሚል ሰው አልነበረም። ቀስ በቀስ ነው የሄደው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። አንድ ቀን ደጅ ሲንኳኳ አክስትሽ ብድግ ስትል አየሁ፤ እኔ አልሰማሁም። ሰው ፊት ለፊቴ ሆኖ ረጋ ብሎ ከተናገረ አሁንም ከንፈሩን አይቼ እረዳዋለሁ። ስልክ ግን ከንፈር የለውም።

ጣቴን የበላው ማሽኑ ሳይሆን ልማዴ ነው። መውጫ አፉ በፍቅፋቂ ተዘጋ፤ ማሽኑን አጠፋሁት፤ ላጸዳው እጄን ሰደድኩ። ምላጩ ከጠፋ በኋላም ትንሽ እንደሚዞር አውቃለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ መቆሙን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፤ ጸጥ ሲል ቆመ ማለት ነው። አሁን ሁሌም ጸጥታ ነው። ጸጥ ብሎ ነበርና እጄን ሰደድኩ።

ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። ለሰፈሩ ያልነገርኩት ሥራ እንዳይቀርብኝ ነው፤ የማይሰማ አናጢ ማን ይጠራል? ላንቺ ያልነገርኩበት ሌላ ነው። የአባትሽን ሞት በስልክ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግራ ጆሮዬ ገና ጥቂት ይሠራ ነበር። አንቺ ምንም ቃል አልተናገርሽም፤ ብቻ ጮኸሽ አለቀስሽ። በዚያው ወር ጆሮዬ ጨርሶ ተዘጋ። ካንቺ የሰማሁት የመጨረሻው ድምፅ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ድምፅሽን አልሰማሁም። ይህን ብጽፍልሽ ያን ለቅሶ እንደገና የማስለቅስሽ መሰለኝና ተውኩት።

አራት ጣውላ ቀርቶኛል። በእጅ መላጊያ ትከሻዬ አይችልም፤ ታውቂያለሽ። ጣቴ ሄዷል፤ በሩም ከቀረ አባትሽን ምን እለዋለሁ? አክስትሽ ገመዱን ዱቄት ዕቃ ውስጥ እንደደበቀችው አውቃለሁ። ሰርቄ ማውጣት እችል ነበር። አንቺ መልሺለት እስክትያት እየጠበቅሁ ነው።

አጎትሽ


ግንቦት 29

ለምወድዎ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ይዤ ሥራ ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ ገመዱ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ይቅር እያልኩ ነበር። ሐሙስ ዕለት አለቃዬን አስፈቅጄ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፤ በላዩ መከለያውን አጠለቅሁ፤ ቀኑን ሙሉ በማሽኔ እንደዚያው ሆኜ ሠራሁ። ከምሳ በፊት ሁለት ጊዜ የሚዞር ምላጭ ቆሟል ብዬ እጄን ልሰድ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ክንዴን ያዘኝ። ከማሽኑ ርቄ ተቀመጥኩ። እርስዎ አምስት ወር እንዲህ ሆነው መሥራትዎ ገባኝ።

ከምሳ በኋላ ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ከሥራ ሽርጤ ጫፍ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ ፍቅፋቂው የሚወጣበት አፍ ላይ አሰርኩት። ምላጩ እስከዞረ ድረስ ከውስጥ ነፋስ ስለሚወጣ ጨርቁ ይወዛወዛል። ማሽኑ ሲጠፋም እየደከመ ይወዛወዛል። ምላጩ ሲቆም ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ያው ጨርቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ።

አክስቴን ገመዱን መልሺለት ብያታለሁ። ግን ይህን ይማሉልኝ። ማሽኑን ካጠፉ በኋላ ጨርቁ ቀጥ ብሎ እስኪንጠለጠል እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። አክስቴ ማብሪያው ጋ ፊት ለፊትዎ ትቁም፤ እጇን ስታነሳ ያቁሙ። የምላጩን ድካም በመዳፍዎ ይወቁት፤ ግራ መዳፍዎን ባንኮው ላይ ያሳርፉ፤ ሲዶለዱም ንዝረቱ ሻካራ ይሆናል። እኔ በጥጡ ውስጥ ሆኜ ለይቼዋለሁ። እርስዎ ከእኔ ይበልጣሉ።

እርስዎ የደበቁትን ከተናገሩ እኔም ልናገር። ስልክ አላነሳም ሲሉ ለአባቴ ቀብር ባለመምጣቴ የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እንደተጣላን አስቤ ኖርኩ፤ የጻፍኩልዎም እንደተጣላኝ ሰው ነው። እያንዳንዱን ደብዳቤ ስጀምር እጄ ይከብደኝ ነበር። ያቺን ቤት አባቴን ሳልቀብር መርገጥ ስለፈራሁ ነው በየዓመቱ እመጣለሁ እያልኩ የቀረሁት። ከሐምሌ አሥር ጀምሮ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ትኬቱንም ቆርጫለሁ።

ስንጥርዎ


ሰኔ 26

ለስንጥሬ፣ ለልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። በሩ አለቀ።

አክስትሽ ማብሪያው ጋ ቆማ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጇን ታነሳለች፤ ደስ ካላት ሳያስፈልግም ታነሳለች። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ታዝዣት አላውቅም። ጨርቁ እስኪንጠለጠል እጄን ኪሴ እከታለሁ፤ ጣቴ የሌለበት ቦታ ያሳክከኛል፤ እጠብቃለሁ። መዳፌም እንዳልሽው ሆነ። ሦስተኛው ጣውላ ላይ ባንኮው ሻከረብኝ፤ አቆምኩ፤ ምላጩን አየሁት፤ ዶልዱሟል። ገልብጬ በሌላው ስለቱ ቀጠልኩ። እንጨቱ አሁንም ይነግራል፤ እኔ ጆሮዬን ወደ መዳፌ አዛወርኩ እንጂ።

ስድስቱም ሃያ ስምንት ሚሊ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ከሰባቱ ሳንቲም አራቱ ተረፈኝ። በአንደኛው ጣውላ ጎን አባትሽ በእርሳስ የጻፈው ቁጥር ነበረ፤ እሱን ሳላስልግ አስቀረሁት፤ በሩ ሲከፈት በጠርዙ በኩል ይታያል። ስትመጪ መጀመሪያ እሱን አሳይሻለሁ። መቃብሩንም አብረን እንሄዳለን፤ ብቻሽን አትሄጂም። ተቆጥቼሽ አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ።

አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ በኋላ ቅባትም ምላጭም አልፈልግም። ስትገቢ ፊት ለፊቴ ቁሚና ሳቂልኝ። ያ ለቅሶሽ የመጨረሻው እንዳይሆን፤ ባልሰማውም በዓይኔ ልየው።

ከጨርቅሽ ግማሹን ቆርጬ በሩ ላይ በውስጥ በኩል፣ ከምቀመጥበት ወንበር ትይዩ አስሬዋለሁ። በሩ በአንድ ጣት ይከፈታል፤ አያብጥም፣ አይዝም። ስለዚህ ስትደርሺ አታንኳኪ፤ አልሰማሽም። ዝም ብለሽ ግፊው። ከሐምሌ አሥር ጀምሮ ጨርቁን እያየሁ እጠብቅሻለሁ።

አጎትሽ